ከባዶ የማይጀምር ዓመት፦ የአዲስ ዓመት ዕቅዳችን ሲዳሰስ

ጳጉሜን ከገባች ጀምሮ ከሰው አፍ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፤ «ለአዲሱ ዓመት ምን አቀድክ?» አዲስ አበባ ላይ አዟሪዎች ካሌንደርና የዕቅድ ደብተር ይዘው ይዞራሉ፤ ሬዲዮው ስለ ስኬት የሚናገር እንግዳ ይጋብዛል፤ ጓደኛ ጓደኛውን ያፋጥጣል። መልሱ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያይም። ሱስ መተው፣ ገንዘብ መቆጠብ፣ ውፍረት መቀነስ፣ የተቋረጠ ትምህርት መቀጠል፣ ከተቀያየሙት ዘመድ መታረቅ። የደመራው ዐመድ ሳይበርድ ግን አብዛኛው ይረሳል። መረሳቱ ብቻውን ብዙ ባልጎዳ ነበር። የሚከብደው ሰውየው «እኔ እንደሆንኩ ለራሴ የገባሁትን ቃል እንኳ አልጠብቅም» ብሎ በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ነው። በዓመቱ ያንኑ ዝርዝር ሲጽፍ የአምናው ፍርድ አጠገቡ ተቀምጦ ያየዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ይከራከራል። አንዱ «ዕቅድ የሌለው ሰው የትም አይደርስም፤ ጨክን» ይላል። ሌላው «በራስህ ላይ አትጨክን፤ ለዘብ በል» ይላል። ይህ ዳሰሳ የሁለቱንም ወገን ነጥብ ከታሪክ፣ ከጥናትና ከአገር ቤት ልምድ አንጻር ይመዝናል። የአገር ቤቱን ልምድ የምንቀዳው ከምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በቢቸናና በሞጣ መካከል ካለው የእነብሴ ሳር ምድር አገር፣ ከመርጡለ ማርያም ዙሪያ ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር መስከረም 1 ቀን የሚብተው ጤፉ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ዓመቱ አዲስ ይሆናል፤ ሥራው ግን ከተጀመረ ወራት አልፈውታል። የአዲስ ዓመት ዕቅዳችን የሚጨክንብንም የሚከሽፈውም ይህን ስለሚዘነጋና ሁሉንም ከባዶ አስጀምራለሁ ስለሚል ይመስላል።

ቃል መግባት ከየት መጣ?

በአዲስ ዓመት ለራስ ቃል መግባት ዛሬ በምናውቀው መልኩ የመጣው ከምዕራቡ ዓለም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ153 ዓመት ጀምሮ የሮም ቆንሲሎች ሥልጣን የሚረከቡት ጃንዋሪ 1 ቀን ነበር፤ በዚያው ዕለትም ስለ መንግሥቱ ደኅንነት ለአማልክቶቻቸው ይሳሉ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ በ1755 (እ.ኤ.አ.) ምእመናን ለእግዚአብሔር የገቡትን ኪዳን የሚያድሱበት ሥርዓት ጀመረ፤ በኋላም ከአዲስ ዓመት ጋር ተቆራኘ። ሃይማኖቱ እየሳሳ ሲሄድ ኪዳኑ ብቻውን ቀረ። ቃሉን የሚሰጠውም፣ የሚቀበለውም፣ ሲፈርስ የሚፈርደውም ያው አንድ ሰው ሆነ። በኪዳኑ ውስጥ የነበረው ይቅርታ ከሃይማኖቱ ጋር ሄዷል።

የእኛ ጳጉሜን አነሣሥ ሌላ ነው። አምስቱ፣ በየአራት ዓመቱም ስድስቱ ቀን፣ ለሚፈቅድ የፈቃድ ጾም ነው፤ የዮዲት ጾም ይባላል። ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ሲሆን በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ይታያል፤ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይወጡበታል። በቅዱስ ዮሐንስ ማለዳ ወንዝ ወርዶ መታጠብም በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው «እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ» መባባል ነው። የአምናው ዕቅድ ምን ያህል እንደ ተፈጸመ የሚጠይቅ የለም። ሰው በሕይወት መሻገሩ ራሱ ምስጋና ይገባዋል።

ከእኛ ባህል ለአዲስ ዓመት ቃል የሚቀርበው ስእለት ነው። ስእለት ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው። በአንድ ጊዜ አሥር ነገር የሚሳል ሰው የለም። አንድ ጭንቅ ተነሥቶ አንድ ነገር ይጠየቃል፤ የሚከፈለውም ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ አቅም የፈቀደው ነው። ያለ አቅም የተሳሉት ስእለት ምን ያህል እንደሚከብድም ጎጃሜው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አሳይተውናል። የዋናው ባለ ታሪክ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው ታሞ ሳለ የተሳሉት ስእለት እርሱን ካደገ በኋላ ያስረዋል፤ ሕይወቱን ሁሉ ያጠላበታል። ልቦለዱ ከሚከናወንባቸው ስፍራዎች አንዷ ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ ከቢቸና ሩቅ አይደለችም። በጭንቅ ሰዓት የተገባ ከአቅም በላይ የሆነ ቃል በሰላሙ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአማርኛ አይገኝም።

መስከረም 1 ማሳ ላይ ሲታይ

ቢቸና በማኛ ጤፏ የታወቀች ናት። የቢቸናም ሆነ የመርጡለ ማርያም ገበሬ ለጤፍ የሚያዘጋጀውን መሬት ከገመሳው ጀምሮ አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል፤ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ ካልላመ በደንብ አይበቅልም። ዘሩ የሚዘራው ሐምሌ ላይ ነው። መስከረም ሲጠባ ቡቃያው መርዘም ጀምሯል፤ ጎተራው ግን ተሟጧል፤ የአምናው እህል ከሞላ ጎደል አልቆ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። የሚበላው የበቆሎ እሸት፣ ድንች፣ ከጓሮ የተገኘው ነው። አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ይመጣል። ዕዳ የሚከፈለው፣ ሠርግ የሚደገሰው፣ ልብስ የሚገዛው ከዚያ ወዲህ፣ ጥር ላይ ነው። ገበሬው ዓመቱን የሚገመግመው በታኅሣሥ አውድማ ላይ እንጂ በመስከረም አበባ መካከል አይደለም።

በእንቁጣጣሽ ሰሞን ማሳው ላይ ያለው ሥራ አረም ነው። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ከቻለም ጎረቤት በወንፈል ተጠርቶ፣ በመደዳ ቁጢጥ ይላል። ሥሩ ሳይበጠስ የሚወጣው አፈሩ ርጥብ ሳለ ነው፤ ፀሐዩ አፈሩን ካደረቀው ሣሩ ከላይ ይበጠስና ከሥር ይቀራል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ችግሩ ደግሞ አንዳንዱ አረም በልጅነቱ ጤፉን ቁርጥ መምሰሉ ነው። የለመደች እጅ ቅጠሉን በጣቷ ዳስሳ ትለያለች፤ ያልለመደው ልጅ ሰብሉን ከአረሙ ጋር ይነቅላል፤ እናቱ እጁን ይዛ ታሳየዋለች። ወገብ የሚያጎብጥ፣ ጭቃ የሚበዛበት፣ ከበዓሉ ማግሥት የማይቀር ሥራ ነው። በዚህ ሰዓት ማሳውን ገልብጦ እንደገና ልዝራ የሚል ገበሬ ቢኖር ጎረቤቶቹ ጤንነቱን ይጠራጠራሉ።

የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመርም ከዚህ ጋር ይስማማል። በባሕረ ሐሳቡ ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን ዓመቱ ሲለወጥ ወቅቱ ገና ክረምት ነው። ዘመነ ጽጌ የሚገባው መስከረም 26 ሲሆን እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል። በቀመሩ መሠረት ዓመት መለወጥና ወቅት መለወጥ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው 25 ቀን አለ። ዓመቱ በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ ምድሪቱ ግን ቀስ ብላ ነው የምትለወጠው።

የዓመት መነሻም አንድ ብቻ አይደለም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ትምህርት መስከረም ላይ ይከፈታል። ሙስሊሙ ጎረቤት አዲስ ዓመቱን የሚቆጥረው በሙሐረም ሲሆን የራሱን ትልቅ የመታረሚያ ወር፣ ረመዳንን፣ በየዓመቱ ያገኛል። በዋሺንግተንም በሮምም ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንዋሪንም መስከረምንም ያከብራል። አንድ ሰው በ12 ወር ውስጥ ይህን ያህል መነሻ ካለው፣ ዓመቱ በሙሉ በአንዲት ሌሊት ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የጥናቶቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ኖርክሮስ ከባልደረባው ጋር በ1988 ያወጣው ጥናት ነው። የአዲስ ዓመት ቃል የገቡ 200 ሰዎችን ሁለት ዓመት ተከታትለው፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ 77 በመቶው ቃላቸውን እንደ ጠበቁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የቀሩት 19 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አገኙ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ቃል መግባት ከንቱ ነው ሊል ይችላል። ኖርክሮስ በ2002 ያወጣው ሌላ ጥናት ግን ሌላውን ገጽ ያሳያል። ለመለወጥ ፈልገው ቃል ከገቡት መካከል ከስድስት ወር በኋላ 46 በመቶው ተሳክቶላቸው ነበር፤ መለወጥ ፈልገው ቃል ካልገቡት ግን 4 በመቶ ብቻ። ስለዚህ መወጠን ዋጋ አለው፤ ችግሩ ከአወጣጠኑ ነው።

አወጣጠኑን የመረመረ ትልቅ ጥናት ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ በ2020 ታትሟል። 1,066 ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንድ ነገር ለመጀመር ወይም ለመጨመር ያሰቡት በዓመቱ 58.9 በመቶ ሲሳካላቸው፣ አንድ ነገር ለመተው ወይም ለማስወገድ ያሰቡት 47.1 በመቶ ነው የተሳካላቸው። «ጫት እተዋለሁ» ከሚለው «ከሥራ መልስ ከልጆቼ ጋር እቀመጣለሁ» የሚለው የተሻለ ዕድል አለው ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ ጥቂት ድጋፍ የተደረገላቸው ሰዎች ምንም ካልተደረገላቸውም ብዙ ከተደረገላቸውም የተሻለ ውጤት አገኙ። ክትትል ሲበዛ ውጤቱ አብሮ አልበዛም።

ልማድ ለመያዝ ስንት ቀን ይፈጃል የሚለውን ደግሞ ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ አጥንተው በ2010 አሳትመዋል። 96 ሰዎች አንድ አንድ ትንሽ ልማድ መርጠው በየቀኑ ሞከሩ። «21 ቀን ይበቃል» የሚለው ተደጋግሞ የሚነገር ወሬ እዚህ ላይ ወደቀ። መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ሆነ፤ እንደ ሰዉና እንደ ልማዱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ለርእሳችን ዋናው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። የሚያፈርሰው አንድ ቀን የዘለለ ሰው «አበቃ፣ ፈረሰ» ብሎ መተዉ ነው። የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች ይህን ካወቁት ቆይተዋል። አንዴ ያዳለጠው ሰው ራሱን ሲወቅስ ጨርሶ የመመለስ አደጋው ይብሳል።

ወቀሳው ራሱ ስለሚያደርሰው ጉዳትም ጥናት አለ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጁሊያና ብሬንስና ሴሪና ቼን በ2012 ባወጡት ሙከራ ተማሪዎች ከባድ ፈተና ተፈተኑ። ከወደቁ በኋላ ለራሳቸው እንዲራሩ የተመከሩት ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አጠኑ። ለራስ መራራት ያሰንፋል የሚለው ፍርሃት በዚህ ሙከራ አልታየም፤ የታየው ተቃራኒው ነው። የቶሮንቶዎቹ ጃኔት ፖሊቪና ፒተር ኸርማን ደግሞ በ2002 ሰው ለምን ያንኑ የከሸፈ ቃል በየዓመቱ እንደሚደግም ጠየቁ። መልሳቸው የሐሰት ተስፋ የሚል ነው። ብዙ ለውጥ፣ በፍጥነት፣ በቀላሉ፣ ከሚገባውም በላይ ጥቅም ይዞ እንዲመጣ ይጠበቃል። አይመጣም፤ ሰውየው ግን የሚጠረጥረው የጠበቀውን መጠን ሳይሆን የራሱን ትጋት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ግብ በባሰ ጭካኔ ይጀምረዋል።

«ጨክን» የሚሉትስ?

የጠንካራው ወገን ክርክር ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ኤድዊን ሎክና ጌሪ ላተም ለ35 ዓመታት የተሠሩ ምርምሮችን በ2002 ሲያጠቃልሉ፣ ግልጽና ከበድ ያለ ግብ የያዘ ሰው «የተቻለህን አድርግ» ከተባለው በላይ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ይህ በብዙ አገርና በብዙ የሥራ መስክ የተፈተሸ ነው፤ በዋዛ አይጣልም። ለአርባ ዓመት «ቀስ ብዬ» እያለ አንድ ነገር ያልጨረሰ ሰው በየሰፈሩ አለ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለስንፍና የሚራራ ሽማግሌ ፈልጎ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው።

ይሁን እንጂ ሎክና ላተም ራሳቸው ሁኔታዎች አስቀምጠዋል። ሰውየው ችሎታው ሊኖረው፣ በግቡ ሊያምንበት፣ በየጊዜው የት እንደ ደረሰ ሊያውቅ ይገባል። ነገሩ አዲስና ውስብስብ ሲሆን ደግሞ «ይህን ያህል አድርስ» ከሚለው ይልቅ «እንዴት እንደሚሠራ ተማር» የሚለው ግብ ይሻላል። የአብዛኛው ሰው የአዲስ ዓመት ዕቅድ ከዚህ ኋለኛው ወገን ነው። ከሱስ መውጣት፣ የትዳር ጠብ ማብረድ፣ ገንዘብ መያዝ፣ ሁሉም አዲስ ሙያ መማርን ይጠይቃል። በሌላ በኩል በ2014 ሄንግቼን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ እንዳሳዩት፣ የዓመት፣ የወርና የሳምንት መባቻ ሰውን በእርግጥ ያነሣሣል። መስከረም 1 የሚሰጠው ጉልበት ውሸት አይደለም። ሆኖም ማነሣሣትና ማድረስ ለየቅል ናቸው፤ በዓሉ የሚያነሣሣው ጉልበት ጥቅምት ድረስ አይዘልቅም።

እዚህ ላይ ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት የሚገናኙበት ቦታ አለ። ለዘብ ማለት ያለበት ከሰውየው ጋር ያለን አነጋገር ነው፤ ሥራው ግን ሰዓቱን ይጠብቃል። የመርጡለ ማርያሟ ገበሬ አረሙ ስለ በዛባት ራሷን አትሰድብም፤ ክረምት ከሆነ ሣር መብቀሉ አይቀርም። አረሙን ግን አፈሩ ሳይደርቅ ልትነቅለው ይገባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። ጭካኔና ስንፍና ብቻ የቀረቡልን ምርጫዎች ሲመስለን ሦስተኛው፣ ማለትም በራስ ላይ ሳይፈርዱ ጊዜን መጠበቅ፣ ከፊታችን ተደብቋል።

ሦስት የአገር ቤት ትምህርቶች

አንደኛው የንስሐ ቀኖና ነው። ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ ቀኖና ሲቀበል፣ አዋቂ የንስሐ አባት ዕድሜውን፣ ጤናውን፣ ሥራውንና ያለበትን ሁኔታ ያያል። ለብርቱ ወጣት የተሰጠው ስግደት ለአሮጊቷ አይሰጥም፤ ለነፍሰ ጡርና ለበሽተኛ አለመጾም ይፈቀድላቸዋል። ቀኖናው መነሻና መድረሻ አለው፤ ሲፈጸም ያልቃል፤ ሰውየውም ተፈታ ይባላል። የዘመኑ ዕቅድ ይህ ሁሉ ይጎድለዋል። ለሁሉም አንድ ልክ ይሰጣል፣ አያልቅም፣ የሚፈታም የለውም።

ሁለተኛው የቅኔ ቤት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ስም በአገሩ ሁሉ ይነሣል። ተማሪ በመጀመሪያ የሚቆጥረው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ነው። ሲለምድ ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየን ይይዛል፤ እንዲህ እያለ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ እንዲቆጥር የሚያዘው የለም። ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከሜዳ ሲቆጥር ውሎ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ስሕተቱን ያርማሉ፤ ከሠመረለት «ይበል!» ይባላል። ካልሠመረለት የተበላሸው የዚያ ዕለት ቅኔ ነው፤ ተማሪው ራሱ ተበላሸ አይባልም። ነገ ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል፤ የዛሬውን መድገም አይችልም። ከዓመት ግብ ይልቅ የዕለት ተግባር፣ በየዕለቱ ማታ የሚያርም ሰው፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል፤ የለንደኑ ጥናት ስለ ዕለት ተግባር በቁጥር ያገኘውን የቅኔ ቤቱ በሥርዓት ይዞት ኖሯል። የኔታ ደግሞ ለዘብተኛ ናቸው ተብለው አይታሙም።

ሦስተኛው ማኅበር ነው። ወር በገባ በ21 የማርያም ማኅበርተኞች በተራው ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጸሎት ይደረጋል፣ ጠላና ዳቦ ይቀርባል፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለ ተራ ይተላለፋል። የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል፤ ታሞም እንደሆነ ሊጠይቁት ይሄዳሉ። ዕቅድን በዚህ ዓይን ብናየው በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው የጭንቅ ሒሳብ በዓመት 12 ጊዜ የሚደረግ ቀላል መጠያየቅ ይሆናል። የስዊድኑ ጥናት ያገኘው «ጥቂት ድጋፍ» ከዚህ ብዙም አይርቅም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚዋጣው እቁብና በአረም ሰዓት የሚጠራው ወንፈልም እንዲሁ ናቸው። ወንፈል የመጣ ጎረቤት ባለ ማሳውን አይመክርም፤ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ አብሮ ይነቅላል።

መንገድ ሲዘጋ

የዕቅድ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ደመወዝ፣ ሰላምና የራሱ ጊዜ ያለውን ሰው ነው። ምሥራቅ ጎጃም ግን ያለፉትን ዓመታት እንዲያ አላሳለፈም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት መንገድ ተዘግቶ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በራቸውን ዘግተው ነበር፤ ሰውም ሞቷል። 12ኛ ክፍል ለመፈተን ያቀደች ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቤት ተቀምጣ ከሆነ ዕቅዷን ያፈረሰችው እርሷ አይደለችም። ይህን ለይቶ ማወቅ ራሱ የለዘብታ ትልቁ ክፍል ነው። በእጅ ያለውንና የሌለውን መለየት ሰነፍ አያደርግም፤ ጉልበትን ለሚችሉት ነገር ያስቀራል። ተዘግቶ በከረመ ትምህርት ቤት ፋንታ የታላቅ ወንድሟን ደብተር ይዛ በቀን አንድ ገጽ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ ዕቅድ አላት።

መርጡለ ማርያም ራሷም ለዚህ ምስክር ናት። ትውፊቱ የገዳሟን አመሠራረት እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ በስፍራው ድንቅ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን በፍራሹ ላይ እንደገና ሠሩ፤ እነርሱም በአፄ ፋሲል ዘመን ከአገር ተባረሩ። በጥበብ የተጠረቡት የፍራሹ ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ፤ አገልግሎቱም በስፍራው ቀጥሏል። ከእነዚያ ሕንጻዎች አንዱም እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፤ ስፍራው ግን አልተተወም፤ እያንዳንዱ ትውልድም የጀመረው ከፊተኛው ከተረፈለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ዳሰሳው የሚያመለክተው ዕቅድ መተውን አይደለም። የኖርክሮስ 46 በመቶና 4 በመቶ ይህን ይከለክላል። የሚያመለክተው የዕቅዱን መነሻ መቀየር ነው። ጳጉሜን ላይ «ምን ልጀምር?» ከማለት በፊት «አምና የተዘራና አሁን ማሳው ላይ ያለ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግማሽ ድረስ የተነበበ መጽሐፍ፣ ሦስት ወር ተከፍሎ የቀረ ቁጠባ፣ አልፎ አልፎ የሚደወልለት አባት፣ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ የተረሳ የጠዋት እርምጃ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ውድቀት ተብለው ይሰረዛሉ። እንደ ቡቃያ ካየናቸው ግን የሚያስፈልጋቸው አዲስ ዘር ሳይሆን አረም የሚነቅልላቸው እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥቂት ነው። ከቡቃያዎቹ አንዱ ይመረጥ፤ ሁለት ከሆነም አይብዛ፤ ስእለት እንደሚደረገው በአቅም ይሁን። «እተዋለሁ» የሚለው «አደርጋለሁ» ወደሚል ይዞር፤ መቼና የት እንደሚደረግም ይወሰን፤ «ማታ ከራት በፊት፣ በረንዳ ላይ» ማለት «በርትቼ» ከማለት ይበልጣል። ወር በገባ በአንድ ቀን የሚጠይቅ አንድ ሰው ይኑር፤ ጥያቄውም የማኅበርተኛ እንጂ የአለቃ አይሁን። አንድ ቀን ከተዘለለ በማግሥቱ ይቀጠል፤ ሒሳብ አይወራረድበት። ግምገማውም ከመስከረም ይነሣና ወደ ታኅሣሥ ይዛወር፤ ሰብል ሳይደርስ አውድማ አይጠረግም።

እንዲህ ያለው ዕቅድ ለሬዲዮ ቃለ ምልልስ አይመችም፤ ጮክ ብሎ የሚነገር ነገር የለውም። ጥቅሙ ግን በመስቀል ማግሥት ይታያል። ያን ጊዜ ጮክ ብሎ የተነገረው ሲረሳ፣ ከሐምሌ ጀምሮ መሬት ውስጥ ያለው ሊያሸት ሁለት ወር ይቀረዋል። ለዘብ ያለው ዕቅድ ከጨካኙ የሚበልጠው ለሰውየው ስለሚያዝንለት ብቻ አይደለም። ይበልጥ ይሠራል፤ ምክንያቱም ሰውየው በኅዳርም እዚያው ማሳ ላይ ይገኛል።